ከመርከቧ ማንም አልወረደም

ኦክቶበር 27 ቀን 1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሲያትል ወደብ አንዲት አዲስ የጦር መርከብ ለአገልግሎት ተመረቀች። ስሟ ጆንስተን ይባላል። በወለሏ ላይ የተሰለፉት መርከበኞች አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ጦርነት በዓይናቸው አላዩም። በፊታቸው የቆመው አዛዣቸው ኤርነስት ኢቫንስ ይባላል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ የ35 ዓመት ሰው ነው።

እንዲህ ባለ ቀን ከአለቃ የሚጠበቀው ደስ የሚያሰኝ ንግግር ነው። ኢቫንስ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ይህች መርከብ የምትዋጋ መርከብ እንደምትሆን፣ እሱም አደጋ ወዳለበት ሊወስዳት እንዳሰበ፣ አብሮት መሄድ የማይፈልግ ሰው ካለ አሁኑኑ ቢወርድ እንደሚሻል ነገራቸው።

ማንም አልወረደም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማካፍላችሁ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ይህ የሰባኪ ወይም የሚስዮናዊ ታሪክ አይደለም፤ የባሕር ኃይል መኮንን ታሪክ ነው። ጦርነትን ላወድስም አልተነሣሁም። ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል የእኛን አገር ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የተነገረው አጭር ንግግርና ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነው ነገር፣ ሰውን የሚመራ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከኦክላሆማ እስከ ጃቫ ባሕር

ኤርነስት ኢቫንስ በኦገስት 1908 በኦክላሆማ ግዛት ፓውኒ በምትባል ከተማ ተወለደ። በትውልዱ ከቸሮኪና ከክሪክ ሕዝቦች፣ ማለትም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሁሉ በገዛ ምድራቸው ዜጎች ናቸው የሚለው ሕግ የወጣው በ1924 ነበር፤ ኢቫንስ ያኔ ገና አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በተራ መርከበኝነት ባሕር ኃይል ገባ። በ1927 ከተራ መርከበኞች መካከል ተመርጦ አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ የመማር ዕድል አገኘ፤ በ1931ም ተመረቀ። የሀብታም ልጅ አልነበረም፤ በዘመድም አልገባም። ወለል ከሚወለወልበት ማዕረግ ተነሥቶ ነው መኮንን የሆነው።

ቀጥሎ ያሉትን አሥር ዓመታት ከመርከብ ወደ መርከብ እየተዘዋወረ አሳለፈ። ዝና የሚያስገኝ አገልግሎት አልነበረም። ጦርነቱ ወደ ፓስፊክ ሲደርስ አልደን በምትባል አሮጌ ዲስትሮየር ላይ ነበር።

ዲስትሮየር ማለት ትንሽና ፈጣን የጦር መርከብ ናት። ስሟ አጥፊ ማለት ቢሆንም ዋናው ሥራዋ መጠበቅ ነው። በትልልቆቹ መርከቦች ዙሪያ እየተዘዋወረች ከባሕር ሰርጓጅና ከአውሮፕላን ትከላከልላቸዋለች። ትልልቆቹን የሚሸፍነው ወፍራም የብረት ጥሩር እሷ የላትም።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1942 አልደን በጃቫ ባሕር ውጊያ ውስጥ ገባች። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የአውስትራሊያ መርከቦች በአንድነት ሆነው የጃፓንን ኃይል ለማስቆም ሞከሩ፤ ግን ተሸነፉ። የሆላንዱ አዛዥ አድሚራል ካሬል ዶርማን ከመርከቡ ጋር ሰጠመ። አልደንና ሦስት የአሜሪካ ዲስትሮየሮች ቶርፔዶአቸውን ተኩሰው ሲጨርሱ ወደ ኋላ እንዲመለሱ ታዘዙ፤ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ በሌሊት ሾልከው አውስትራሊያ ደረሱ። በቀጠሉት ቀናት ወደ ኋላ ከቀሩት የተባበሩት ኃይሎች መርከቦች አብዛኞቹ ጠፉ።

ኢቫንስ ያን ሽሽት አልረሳውም። ትእዛዝ ተቀብለው ነው የሸሹት፤ ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ዳግመኛ ከጠላት ፊት ላለመሸሽ ለራሱ ቃል ገባ። ብዙም ሳይቆይ የአልደን አዛዥ ሆነ፤ በኋላም አዲሷ ጆንስተን ተሰጠችው። በምረቃዋ ቀን ያ ንግግር ከአፉ ሲወጣ በልቡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተቀምጦ ነበር።

በ1944 መጀመሪያ ጆንስተን በማርሻል ደሴቶች በተደረጉት ማረፊያዎች ተሳተፈች። በሜይ ወር ከሁለት ሌሎች ዲስትሮየሮች ጋር ሆና አንድ የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ አሰጠመች፤ ኢቫንስም በዚህ የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያ ተሸለመ። መርከበኞቹ አዛዣቸውን እያወቁት ሄዱ። ሲቆጣ የማይጮህ፣ ሥራ በእጃቸው ሲሰጣቸው የሚያምናቸው ሰው ነበር።

የሳማር ማለዳ

ኦክቶበር 20 ቀን 1944 የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ሌይቴ ደሴት ላይ ማረፍ ጀመረ። ጃፓን ይህን ለማክሸፍ የቀራትን የባሕር ኃይል ሁሉ በሦስት አቅጣጫ ላከች። ከሰሜን የመጡት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ማባበያ ነበሩ። የአሜሪካው አድሚራል ሃልሲ ማባበያውን ተከትሎ ታላላቆቹን መርከቦች ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። የሳን በርናርዲኖ መተላለፊያ ያለ ጠባቂ ቀረ። በሌሊት የአድሚራል ኩሪታ ኃይል በዚያ በኩል አለፈ።

ኦክቶበር 25 ሲነጋ በሳማር ደሴት አጠገብ የነበሩት 13 የአሜሪካ መርከቦች ብቻ ነበሩ፤ ስድስት ትናንሽ አውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ ሦስት ዲስትሮየሮችና ከእነሱ ያነሱ አራት አጃቢ መርከቦች። ተሸካሚዎቹ በጥድፊያ የተሠሩ፣ ሥሥ ብረት የለበሱና በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ የማይችሉ ነበሩ። ሥራቸው ሌይቴ ላይ ላረፉት ወታደሮች ከአየር ድጋፍ መስጠት እንጂ ከመርከብ ጋር መዋጋት አልነበረም።

በአድማስ ላይ ብቅ ያሉት የጃፓን መርከቦች 23 ነበሩ። ከእነሱም መካከል በዓለም ትልቋ የጦር መርከብ ያማቶ ነበረች። ያማቶ ብቻዋን ከ65 ሺህ ቶን በላይ ትመዝናለች፤ የጆንስተን ክብደት ግን ከሦስት ሺህ ቶን አይሞላም። የያማቶ አንድ ጥይት 1,400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ የጆንስተን ጥይት ደግሞ 25 ኪሎ ግራም። የያማቶ መድፍ 40 ኪሎ ሜትር ሲመታ የጆንስተን መድፍ ግማሹን እንኳ አይደርስም።

ተሸካሚዎቹ አውሮፕላኖቻቸውን እያስነሡ መሸሽ ጀመሩ። ኢቫንስ ጭስ እንዲለቀቅ አዘዘ፤ ጆንስተን በዞረችበት ሁሉ ጥቁርና ነጭ መጋረጃ ከኋላዋ ተዘረጋ። ከዚያ የበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የመርከቧን አፍንጫ ወደ ጃፓን መርከቦች አዞረ።

ቶርፔዶ ለመተኮስ መቅረብ ያስፈልጋል። ጆንስተን መልስ መስጠት በማትችልበት ርቀት ለደቂቃዎች በጥይት ዝናብ መካከል ሮጠች። መድፎቿ መድረስ ሲጀምሩ ከ200 በላይ ጥይት ተኮሰች። ከጠላት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት አሥሩንም ቶርፔዶዎች ለቀቀችና ወደ ጭሱ ተመለሰች። አንዱ ኩማኖ የተባለችውን ከባድ ክሩዘር አፍንጫዋን ቆርጦ ጣለው፤ ኩማኖም ከውጊያው ወጣች።

ወዲያው ጆንስተንን ትልልቅ ጥይቶች መቷት፤ ተከትለው ትናንሾቹ የመርከቧን ድልድይ መቱት። ከሞተሮቿ አንዱ ጠፋ፤ ፍጥነቷ በግማሽ ቀነሰ። የኋላ መድፎቿ ኃይል ተቋረጠባቸው፤ መሪዋም ከድልድዩ አልታዘዝ አለ። በድልድዩ ላይ ከነበሩት መኮንኖች አንዳንዶቹ ሞቱ። ኢቫንስ ሸሚዙ ከላዩ ተቀዶ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆርጠው፣ ደም እየፈሰሰው በእግሩ ቆመ። ሐኪሙ ሊረዳው ሲመጣ በይበልጥ ወደቆሰሉት ሰደደው፤ እጁን በመሐረብ ጠመጠመ።

በዚህ ጊዜ ዝናብ ያዘለ ደመና መጣና ጆንስተንን ለጥቂት ደቂቃዎች ሸሸጋት።

ሁለተኛው መዞር

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኢቫንስ ሥራውን ጨርሷል። ቶርፔዶዎቹን ሁሉ ተኩሷል፤ አንድ ክሩዘር ከውጊያ አስወጥቷል። መርከቡ ቆስላለች፤ እሱም ቆስሏል። ወደ ኋላ ቢቀር ማን ይወቅሰዋል? በጃቫ ባሕር እንኳ ቶርፔዶአቸው ያለቀባቸው ዲስትሮየሮች እንዲመለሱ ነበር የታዘዙት። ምክንያቱ ያው ነው፤ የመርከቧ ሁኔታ ደግሞ ከዚያኛው የባሰ።

የጓዱ አዛዥ አድሚራል ክሊፍተን ስፕራግ የቀሩት ትናንሽ መርከቦች በቶርፔዶ እንዲያጠቁ አዘዘ። ሆኤልና ሂርማን የተባሉት ዲስትሮየሮች፣ ከእነሱም ጋር ትንሿ ሳሙኤል ቢ ሮበርትስ ወደ ጠላት ሲሄዱ በጆንስተን አጠገብ አለፉ። ኢቫንስ አያቸው። ቶርፔዶ የሌላትን፣ በአንድ ሞተር የምታነክሰውን መርከብ አዙሮ ተከተላቸው። የሚሰጣቸው ነገር ቢኖር የቀሩት መድፎቹና የመርከቧ አካል ራሱ ነው። ወደ እነሱ የሚተኮሰው ጥይት ከፊሉ ወደ እኔ ይምጣ ማለት ነበር።

የመጀመሪያው መዞር ጀግንነት ነው። ያን ጊዜ ግን በእጁ አሥር ቶርፔዶ ነበረው፤ መርከቡም ሙሉ ነበረች። በሁለተኛው መዞር ባዶ እጁን ነበር። የሰው ፍቅር የሚመዘነው ባለን ነገር ስንሰጥ ብቻ አይደለም፤ የሚሰጥ ነገር ባለቀብን ሰዓት ወዴት ፊታችንን እንደምናዞር ነው።

ጋምቢየር ቤይ የተባለችው ተሸካሚ በጃፓን ክሩዘር ስትደበደብ ኢቫንስ ክሩዘሯን ወደ ራሱ ለመሳብ እየተኮሰ ቀረበ። ተሸካሚዋን ሊያድናት አልቻለም። ቀጥሎ ያሃጊ የምትባል ክሩዘር ዲስትሮየሮችን አስከትላ ወደ ቀሩት ተሸካሚዎች ስትገሰግስ ብቻውን በመንገዳቸው ገባ። እነሱም ገና ሩቅ ሳሉ ቶርፔዶአቸውን ተኮሱና ተመለሱ፤ አንዱም ተሸካሚ አልተመታም።

የጆንስተን ድልድይ ሲነድ ኢቫንስ ወደ መርከቧ ጭራ ሄደ። ከታች መርከበኞች ከባዱን መሪ በእጃቸው እየገፉ ያዞሩ ነበር፤ እሱ በተከፈተ ጉድጓድ አንገቱን ደፍቶ ወደየት እንደሚያዞሩ ይጮኽላቸው ነበር። ይህ የመጨረሻው የአዛዥነት ቦታው ሆነ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ መርከቧን ለቃችሁ ውጡ አለ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ጆንስተን ሰጠመች። የተረፉት መርከበኞች እንደሚተርኩት፣ በዚያ ሰዓት በአጠገባቸው ያለፈች የጃፓን ዲስትሮየር ካፒቴን ቆሞ ለምትሰጥመው መርከብ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ።

ኩሪታ ከዚያ ቀደም ብሎ መርከቦቹን መልሶ ነበር። ፊት ለፊቱ ያሉት ታላላቅ ተሸካሚዎችና ክሩዘሮች ናቸው ብሎ አስቦ ነበር። አውሮፕላኖቹ ያለ እረፍት ስለወጉት፣ ትናንሾቹ መርከቦችም እንደ ትልቅ ስለተዋጉ፣ ያየውን በትክክል መመዘን አልቻለም። ሌይቴ ላይ ያረፉት ወታደሮች ዳኑ።

ዋጋው

ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ብንዘጋው ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ከጆንስተን 327 ሰዎች መካከል 186ቱ አልተመለሱም። ሃምሳ የሚያህሉት በጠላት ጥይት ሞቱ። 45ቱ በነፍስ አድን ታንኳ ላይ ቁስላቸው ጸንቶባቸው አረፉ። 92ቱ፣ ኢቫንስም ጭምር፣ መርከቧ ከመስጠሟ በፊት በሕይወት ወደ ውሃው ገብተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አልታዩም። ሆኤልና ሳሙኤል ቢ ሮበርትስም ሰጠሙ። በጃፓን መርከቦች ላይ የሞቱትም የእናት ልጆች ነበሩ።

የነፍስ አድን መርከብ ቶሎ አልደረሰላቸውም። ወደ ተሳሳተ ቦታ የተላኩ ፈላጊዎች ሳያገኟቸው ተመለሱ። የተረፉት 141 ሰዎች ሁለት ሌሊት በውሃ ላይ፣ ጥማትና ሻርክ እያስጨነቃቸው፣ ታንኳውን ተቃቅፈው ቆዩ። የተገኙት ኦክቶበር 27 ማለዳ ነው፤ ጆንስተን በተመረቀች፣ ያ ንግግር በተነገረ ልክ በዓመቱ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው በሌሎች ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመወሰን ምን መብት አለው? የጦርነት መብት የሚባለውን ለጊዜው እንተወውና፣ ኢቫንስ ሁለት ነገር ማድረጉን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ደጁ ክፍት ሳለ፣ መሬት ላይ ሳሉ፣ መውረድ ሳያሳፍር ነገራቸው። ሁለተኛ፣ ዋጋውን ሲከፍሉ ከእነሱ ጋር ከፍሏል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው እዚህ ጌዴዎንን ያስታውሳል። ከውጊያው በፊት የፈራ ሁሉ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ተነገረ፤ ሃያ ሁለት ሺህ ሰው ተመለሰ፤ ማንም አልተቀጣም። ጌታችን ኢየሱስም በሉቃስ 14 ብዙ ሕዝብ ሲከተለው ዘወር ብሎ የተናገረው ሕዝቡን የሚያበዛ ንግግር አልነበረም። ግንብ የሚሠራ ሰው ወጪውን ተቀምጦ እንዲያሰላ፣ በእጥፍ የሚበልጠውን ጦር የሚገጥም ንጉሥም አስቀድሞ እንዲመክር ተናገረ። ከዚያም መስቀሉን ለሌሎች ብቻ አላሸከመም፤ ራሱ ተሸክሞ ፊት ፊት ሄደ።

ስለ ራሴ ልናገር። ለዓመታት ወጣቶችን ሳገለግል የምጋብዛቸው ደስ በሚለው በኩል ነበር። ሰላም ታገኛላችሁ፣ በር ይከፈትላችኋል እላቸው ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። አንድ ቀን በእምነቱ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር የተጋጨ፣ በዚያ ላይ ሥራውን ያጣ ወጣት ወንድም መጥቶ፣ ጋሼ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም አለኝ። ንግግሩ ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ መጋባት ነበር። መልስ አልነበረኝም። በመንገዱ ላይ መከራ መኖሩ አልነበረም ያስለቀሰው፤ ብቻውን እንዲያገኘው መተዋችን ነው። የባሰው ደግሞ፣ ችግሩ በደረሰበት ወራት ስልክ ደውዬ እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። መጀመሪያ ሳልነግረው ቀረሁ፤ ኋላም ዞሬ አልተከተልኩትም።

ስለዚህ የኢቫንስን ታሪክ ሳነብ ከቶርፔዶው ይልቅ ሁለቱ ቀኖች ያስጨንቁኛል። በሲያትል እውነቱን የተናገረበት ቀን፣ በሳማር ባዶ እጁን ዞሮ ወዳጆቹን የተከተለበት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ከሌለ ሁለተኛው የሰው ሕይወት ማባከን ይመስላል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ባዶ ወሬ ነው። አባቶች ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲሉ ሁለቱን ማሰራቸው ነው።

ለኤርነስት ኢቫንስ ከሞተ በኋላ የአገሩ ከፍተኛ ሽልማት፣ የክብር ሜዳሊያ ተሰጠው። በ1950ዎቹ አንዲት መርከብ በስሙ ተጠራች፤ በ2023 ደግሞ ወደፊት የምትሠራ አንዲት ዲስትሮየር ስሙን እንድትይዝ ተወሰነ። በ2021 ጠላቂዎች በልዩ ባሕር ሰርጓጅ ወርደው ጆንስተንን ከ6,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተመለከቷት። በጎኗ ላይ ቁጥሯ 557 ዛሬም ይነበባል። የኢቫንስ መቃብር ግን አይታወቅም፤ ባሕሩ ነው።

ሰው የሚመራችሁ፣ ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ የኅብረት መሪዎች፣ እረኞች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት ወደ አገልግሎት፣ ወደ ትዳር ወይም ወደ እምነት የጠራችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ዋጋውን ነግራችሁታል? ካልነገራችሁት አሁን ንገሩት። ነግራችሁት ከሆነ ደግሞ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቁ። ምናልባት በጭስ ውስጥ ብቻውን ይሆናል። በእጃችሁ የቀረ ነገር ባይኖርም ወደ እሱ ዙሩ።

እኔ ያን ወንድም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዘግይቼ ነበር፤ ግን ስልኩን አነሣ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።